ኤክስና ራይት

አንድ ሰው ነበረ፤ ወንበርም ነበረው።

ወንበሩ ምክር ቤት ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ተቀምጦበታል፤ ሌላ አምስት ዓመት ሊቀመጥበት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበር። ቀን ቀን ልጆችን፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩ አዋቂዎችን ያስተምር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት፣ እዚያው ከተማ፣ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ይህን ያዥልኝ።

ስመኝ፣ ስለ አጥርሽ የጠየቅሽኝን አልዘለልኩትም። «ወረቀቱ መሬቱን የሚሰጠው ለእኔ ነው። የጎረቤቴ አሻራም አለበት። ታዲያ ዝም ብል ምን አጠፋሁ?» ነው ያልሽኝ። ወደ አጥርሽ እመጣለሁ። መጀመሪያ ወንበሩ።

ተፎካካሪ ተነሳበት። ወጣት ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛ። ንግግር አይችልም። ሰው ቤት ገብቶ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፈትቶ እየገጠመ ነው የሚቀሰቅሰው። የምርጫ ምልክቱ ባልዲ ነው። የሰውየው ምልክት ሰዓት።

ከተማዋ ለሁለት ተከፈለች። የባልዲ ደጋፊዎች የሰውየውን መኪና እየተከተሉ «ሰዓቱ ቆሟል! ባትሪ ቀይሩለት!» ይላሉ። የሰዓት ደጋፊዎች «ባልዲው ቀዳዳ ነው!» ብለው ይመልሳሉ። መጀመሪያ ሳቅ ነበረበት። በሦስተኛው ሳምንት የሚስቅ አልተገኘም። ወንድማማቾች ዳቦ የሚገዙበትን ሱቅ ለያዩ።

ምርጫው ተካሄደ። በማግስቱ ረፋድ ላይ የየጣቢያው ውጤት ተደመረ።

ሰዓት፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።

ባልዲ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።

እና አንዲት ወረቀት።

የምርጫ አስፈጻሚዋ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት። በሰዓቱ አጠገብ ኤክስ። በባልዲው አጠገብ ራይት። ደንቡ የሚለው ደግሞ «መራጩ በሚፈልገው ዕጩ አጠገብ የኤክስ ምልክት ያድርግ» ነው።

«ኤክሱ እኛ ጋ ነው፤ አለቀ» አለ የሰዓቱ ወኪል።

«ራይቱስ? ለጌጥ ነው ያደረገው?» አለች የባልዲው ወኪል።

«ደንቡ ራይት የሚባል ነገር አያውቅም።»

«ደንቡ አያውቅም፤ አንተ ግን ታውቃለህ!»

አስፈጻሚዋ ጠረጴዛውን መታች። «የመራጩ ፍላጎት ያለ ጥርጥር ከታወቀ በፍላጎቱ እንሄዳለን። ግን ማን ይንገረኝ? ወረቀት አይናገር። አሥር ደቂቃ ስጡኝ።»

ቆጠራው የሚካሄደው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሰውየው ያስተምርበት በነበረው ክፍል። ሰሌዳው እንኳ አልተቀየረም።

ሰውየውም እዚያው ነበር፤ ወረቀቷን አንዴ አያት። አንዴ በቃው። የራይቷ ጅራት ረጅም ነው፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ታጠፍ ትላለች። እሱ በቀይ እስክሪብቶ የሚያደርጋት እንደዚያ ነበር። ትክክል ለሆነው ራይት፣ ለተሳሳተው ኤክስ። አሥራ ሁለት ዓመት።

አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። ወጣ።

ግቢው ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ተፋጠዋል። መሐላቸው አራት ፖሊሶች ቆመዋል። ከግድግዳው ጥላ ሥር አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። ድሮ በማታው ክፍል ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተማሪው ነበረች። በእጇ ጠራችው። ጎንበስ አለላት።

«መምህርዬ፣ አትቀየመኝ» አለችው በሹክሹክታ። «ውሃ ከጠፋ ሰባት ወሩ ነው። አንተን ወድጄ ምን ልጠጣ?»

«ምን አደረጉ፣ እማማ?»

«አንተ ላይ ኤክስ። ልጁ ላይ ራይት። ልክ እንዳስተማርከኝ።» ቀና ብላ አየችው። «ምልክቱን ከሳጥኗ እንኳ አላስወጣሁም። አጠፋሁ እንዴ?»

እዚህ ላይ ቁሚ፣ ስመኝ።

ወንበሩ ከአንድ ቃል ማዶ ነው። «አዎ፣ አጥፍተዋል» ካላት ወንበሩ የእሱ ነው። ደንቡ አይከሰውም። ውሸትም አይባልም፤ በደንቡ መሠረት በእርግጥ አጥፍታለች። «አላጠፉም» ካላት ግን ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም።

ሴትየዋ ትጠብቃለች። እርማት እንደሚጠብቅ ተማሪ።

«አላጠፉም፣ እማማ።»

ተመልሶ ገባ።

አስፈጻሚዋ ቆማ ነበር። «ወስኛለሁ። ፍላጎቱን የሚነግረኝ ስላላገኘሁ ኤክሱን እይዛለሁ። ሰዓት በአንድ ድምፅ አሸንፏል።»

የሰዓቱ ወኪል ዘለለ። የባልዲው ወኪል ወንበር ገፍታ ተነሳች። ውጭ ወሬው ደርሶ ጩኸት ሆነ። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ አረፈ። ከዚያ ሌላ።

«አቤቱታ አለኝ» አለ ሰውየው።

የሰማው የለም። ደገመው።

«እርስዎ እኮ አሸንፈዋል፣ ጌታዬ» አለች አስፈጻሚዋ።

«አቤቱታ አለኝ።»

የአቤቱታ ቅጹን አገላበጠችው። «እዚህ የሚለው ‹የተሸናፊ ዕጩ አቤቱታ› ነው። ለአሸናፊ ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው ተሸናፊ ብለው ይሙሉት።»

ወኪሉ ክንዱን ያዘው። «አብደሃል? አምስት ዓመት እኮ ነው!»

ክንዱን አስለቀቀ። ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ ኤክስ ጻፈ፤ አጠገቡ «ስህተት»። ከሥሩ ራይት ጻፈ፤ አጠገቡ «ትክክል»። የራይቷ ጅራት ረጅም ነበር፤ ጫፏ ላይ ታጠፈች። አስፈጻሚዋ ሰሌዳውን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ወረቀት አየች።

«እዚህ ክፍል ውስጥ እንደዚህ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለ። «መራጩ ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የፈለገውን ግን አውቃለሁ።»

ፈረመ። በአንድ ድምፅ ተሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ በትከሻው ተሸከመው ብዬ አልዋሽሽም። ወኪሉ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም። ቧንቧውም ወዲያው አልመጣም፤ ስምንት ወር ቆይቶ ነው የመጣው፤ ያውም እየተንጠባጠበ። ሰውየው ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ ያርማል።

አሁን ወደ አጥርሽ።

ጎረቤትሽ ማንበብ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያሳረፉት መብራት እንዲገባላቸው የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው ብለው ነው። ወረቀቱ ግን የአጥር ስምምነት ሆኖ ተገኘ፤ ከግቢያቸው ሁለት ሜትር ለአንቺ ይሰጣል። ያሳሳትሻቸው አንቺ አይደለሽም። አምንሻለሁ። ያ ሰውም ማንንም አላሳሳተም። ሕጉ አሻራውን ያያል፤ ደንቡም ኤክሱን እንዳየው። አሻራው ምን ተብሎ እንዳረፈ ሕጉ አያውቅም። የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ዝምታሽ እንደ ሌላው ሰው ዝምታ አይደለም፤ አንድን ምልክት ያላለውን አለ ማሰኘት ነው።

ምን አጠፋሁ ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። ነገ ጠዋት በር ላይ ያገኙሻል። መብራቱ የት ደረሰ ይሉሻል። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ያሳዩሻል፤ ቀለሙ ገና አልለቀቀም። «ስመኝ፣ ልክ አድርጌ ነው የፈረምኩት? አጠፋሁ እንዴ?» ይሉሻል።

የምትመልሽላቸውን ይዘሽ እደሪ።