ለሙሴ መልኮን የተቀቀለው ዘር

ተረት ተረት!
«የላም በረት!»
በረቱን ከዘጋችሁ ጆሯችሁን ክፈቱና ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ።

በድሮ ዘመን፣ መልኮን የሚባል አንድ አርመን ባሕር ተሻግሮ ወደ አንድ የደጋ መንደር መጣ። ሲመጣ አንዲት አህያና አንድ ጥቅል ሐር ነበረው። ሐሩን ሸጠና ጨው ገዛ። ጨዉን ሸጠና እህል ገዛ። ከዚያም ከበረ። ሰዉም እንደ ፈረንጅ ጌታ አክብሮ «ሙሴ መልኮን» አለው። ደጁን የሚረግጥ ዘመድ ግን አልነበረውም።

አንድ ዓመት ሰማዩ ነፈገ። ረሃብ ገባ። መልኮንም ጎተራውን በጭቃ መረገና የእህሉን መወደድ ይጠብቅ ጀመር።

ማናለብሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ደጁ ቆመች።
፦ ሙሴ፣ አንድ ቁና አበድረኝ። ልጆቼ ደከሙብኝ።
፦ ሐምሌ ላይ ነይ፣ ያኔ እሸጣለሁ።
፦ ሐምሌ ላይማ ልጆቼን ቀብሬ ነው የምመጣው! አለችና ሄደች።

ከዚያም ሲራራ ነጋዴዎች ወሬ ይዘው መጡ። የመልኮን እናት በአገሯ ሞታለች። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነውና መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጁ ተሰበሰበ። እሱ ግን ጎተራዬን ሊሰብሩ መጡ ብሎ ጠመንጃ ደገነ!
፦ የቀረበኝን እገድላለሁ!
የመንደሩ ሽማግሌ አያ ዘለለው ንቅንቅ አላሉም።
፦ አውርደው፣ ልጄ። ለእህልህ አልመጣንም። እናትህ አርፋለች። እግዚአብሔር ያጥናህ።

ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ። ሴቶቹ አለቀሱለት። ያላዩዋትን እናት! ሐዘንተኛ እሳት አያነድምና ማናለብሽ የባቄላ ንፍሮ አቀረበችለት። አንዴ ዘገነና ቀና ሲል ልጆቿ እጁን እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ።
፦ ይህ ባቄላ ከየት መጣ?
፦ ከዘሩ ነው።
፦ ዘር! ልጆችሽ እየተራቡ ያልነካሽውን ዘር?
፦ ታዲያ ሐዘንተኛ ባዶ አፉን ይደር?

እግዚኦ! ሰውዬው ብድግ አለ። ከዚያም መጥረቢያ አነሣና የጎተራውን ጭቃ ሰበረው።
፦ ኑ! ውሰዱ!

እጃቸውን ሰደዱ። በስመ አብ! የዘገኑት ብናኝ ነው። ነቀዝ ጨርሶታል። አንድ ደህና ፍሬ የለም። ሴቶቹ ጮኹ። መልኮን በጉልበቱ ወደቀ።
፦ አልበላሁት፣ አልሸጥሁት፣ አልሰጠሁት!
፦ በል ተነሣ፣ አሉት አያ ዘለለው። ለእናትህ አልቅሰናል። ለእህል አናለቅስም። ክረምት ደርሷልና ዘር ፈልግልን።

መልኮን ቤቱ የቀረውን ሐርና ጨው፣ ጠመንጃውን ሳይቀር በበቅሎዎቹ ጫነና ዝናብ ወደ ቀናው ሩቅ አገር ወረደ። ሰዉ «አይመለስም» አለ። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ግን ከአቀበቱ ብቅ አለ። በቅሎዎቹ እህል ተጭነዋል። እሱ በባዶ እግሩ ነው!
፦ ሙሴ፣ ጫማህስ?
፦ ባቄላ ሆነ።

ለየቤቱ ለአፍም ለዘርም አካፈለ። ጎተራውን ለመንደሩ ሰጠ። እስኪሞት ድረስም ነግዶ ያተረፈውን ለተራበ ሰው በዚያ ይሞላ ነበር።

በመዝሪያው ቀን ማናለብሽ እርፉን አስያዘችው።
፦ የመጀመሪያውን ፈር አንተ አውጣ፣ ወንድሜ።
በሬዎቹ አልሰማ አሉት። ፈሩ እንደ እባብ ተጠማዘዘ።
፦ ኧረ ሙሴ፣ አንተ ነህ የምትነዳቸው ወይስ እነሱ ናቸው የሚነዱህ! አሉ አያ ዘለለው።
መንደሩ ከረሃቡ ወዲህ ገና መሣቁ ነበር። ያም ጠማማ ፈር፣ ልጆቼ፣ በቀለ።

ተረቱ ለእናንተ፣ ቁራሽ ዳቦው ለእኔ። ጉሮሮዬ ደርቋልና ፈጠን በሉ።