ሁለቱ ምስማሮች

በአንድ ደጋ ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ነበር። ጡረታ የወጣ መንገድ ቀያሽ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ ስለኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ እጁ ከሜትር አልተላቀቀም።

ኅዳር ሲገባ ነገሩ እንዲህ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አንዲት ትንሽ የአየር ሁኔታ ማሳያ ተቀምጣለች። ከቤቱ ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብላ፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል መለኪያ በምስማር ተሰቅላለች። በሁለቱ መካከል ሽቦ የለም። የውጪዋ ብርዱን ትለካለች፤ የውስጧ ቁጥሩን ታሳያለች። ሰውየው በገዛ እጁ ጽፎ፣ ከአንዱ ቁጥር ሥር «ውስጥ»፣ ከሌላው ሥር «ውጭ» የሚል ወረቀት ለጥፎበታል።

እሱን ከሁሉ የሚያስደስተው ግን ማሳያዋ ላይ ያለችው ሰዓት ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ሆን ብሎ ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ይመልሳታል። «ነገ ጠዋት ብቅ በሉና እዩ» ይላል። በማግስቱ ሲያዩዋት ደቂቃ ሳታዛንፍ ትክክል ሆና ትገኛለች። በቤቱ ኢንተርኔት በኩል በየቀኑ ትክክለኛውን ሰዓት ከሩቅ ትሰማና ራሷን ታስተካክላለች።

«ራሱን የሚያርም ዕቃ አይሳሳትም» ይል ነበር ሰውየው።

ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ከግቢው ጀርባ ስንዱ የምትባል ጎረቤት ነበረችው። ባሏ ሞቷል። በወንዙ ዳር በመስኖ የተከለችው አሥራ ስድስት መደብ ድንች አላት፤ እስከሚቀጥለው ክረምት የምትበላውም የምትሸጠውም እሱን ነው። የዚያ አገር ኅዳር ደግሞ ውርጭ አለበት። ውርጭ ከመጣ ድንቹ በገለባ መሸፈን አለበት። አሥራ ስድስት መደብ ለብቻ መሸፈን ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ወገቧ ደግሞ ያማታል። በከንቱ የሸፈነች ቀን በማግስቱ ቀና ማለት ያቅታታል።

ስለዚህ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በአጥሩ በኩል ትጣራለች።

«ጋሼ ዘርጋው! ያ ጠንቋይዎ ዛሬ ምን አለ?»

«ጠንቋይ አይደለም አልኩሽ እኮ። መሣሪያ ነው።»

«እሺ፣ መሣሪያዎ ምን አለ?»

ጋሼ ዘርጋው ደብተሩን ያያል። ዓመት ሙሉ መዝግቦ የደረሰበት ነገር ነበረው፤ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ የውጭው ቁጥር ከስምንት ካነሰ፣ ንጋት ላይ ውርጭ ይጥላል። ከስምንት ሲያንስ «ሸፍኚ» ይላታል። ሲበልጥ «ተኚ» ይላታል። አንድም ቀን አሳስቷት አያውቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። በሰፈሩ የአንድ ሰው የአጥር አምፖል ከነማቀፊያው ተሰረቀ። ጋሼ ዘርጋው ይህን ሲሰማ መለኪያዋን ከሰሜኑ ግድግዳ አነሳና በመስታወት የተከለለው በረንዳ ውስጥ፣ ሌላ ምስማር መትቶ ሰቀላት። «ለሳምንት ያህል ነው» አለ ለራሱ።

በዚያው ምሽት ቁጥሩ ስድስት ዲግሪ ጨመረ። ቀያሽ አይደል? አየው። ደብተሩም ላይ ጻፈው። ከጎኑም «ደመና» ብሎ ምክንያቱን አሰፈረ።

እውነትም ደመና ነበር። ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ደመነ። ዘጠኙንም ቀን «ተኚ» አላት፤ ዘጠኙንም ቀን ውርጭ አልጣለም። ሳምንቱ አልፎ ነበር፤ ግን መለኪያዋን ማን ያስታውሳት? ማሳያዋ ላይ «ውጭ» የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው።

በአሥረኛው ቀን ሰማዩ ጠራ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ?»

«አሥራ ሦስት ነው። ተኚ።»

ስንዱ እጆቿን አሻሸች። ቀጥላም «ዛሬ እንኳ ይበርዳል፣ ጋሼ። ከወንዙ ስመጣ እጄ ደነዘዘ» አለች።

«እጅሽ ከመቼ ወዲህ ነው ዲግሪ ማንበብ የጀመረው?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሄዳ ተኛች።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ስንዱ ናት። ጋቢዋን ተከናንባለች፤ በእጇ ከባልዲዋ ላይ ያነሳችው ስባሪ በረዶ አለ። አልጮኸችም። ሳሎን ገብታ በረዶውን መደርደሪያው ላይ፣ ከማሳያዋ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ስንት ይላል?» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ማሳያዋን አየ። «ውጭ» ከሚለው ወረቀት በላይ ሰባት ቁጥር ተጽፏል። በረዶው መደርደሪያውን ማራስ ጀምሯል።

ስልኩን አወጣና ከማሳያዋ ሰዓት ጋር አስተያየ። «ሰዓቱስ ትክክል ነው» አለ።

«ሰዓቱን ማን ጠየቀዎት፣ ጋሼ?»

ያን ጊዜ ነው በረንዳዋ የታወሰችው። ወጣ፣ መለኪያዋን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቦታዋ መለሳት። ሁለቱም ቆመው ማሳያዋን አዩ። ሰባት፣ አምስት፣ ሁለት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዜሮ ሆነች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ።

«መሣሪያ እኮ አያስፈልግም ነበር» አለች ስንዱ። «በሩን ከፍተው አንዴ ብቅ ቢሉ ይበቃ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ጋሼ ዘርጋው ክፉ ሰው ነበር? አልነበረም። ዋሽቷት ነበር? አልዋሸም፤ ያየውን ቁጥር ነው የነገራት። ሰነፍ ነበር? በየምሽቱ በሰዓቱ ያነባል፣ በደብተር ይጽፋል። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው?

ሰዓቷ ለምን ትክክል እንደሆነች አልጠየቀም። ሰዓቷ ትክክል የሆነችው ጎበዝ ስለሆነች አይደለም። ከውጭ ስለምትሰማ ነው። መለኪያዋ ደግሞ የተሳሳተችው ስለተበላሸች አይደለም። በመስታወት ስለከለላት ነው። በአንዱ የታረመ ዕቃ በሁሉም የታረመ መሰለው።

እናንተስ? እኔስ?

በሰዓቱ ረገድ የሚያማን የለም። ጸሎት ሲጀመር ደርሰናል። የጾሙን ቀን ቆጥረን እናውቃለን፤ መዝሙሩን ያለ መጽሐፍ እንዘምራለን። በዚያ ታርመናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሰዓቱን ማን ጠየቀን? ጎረቤታችን በአጥር በኩል የምትጠይቀን ሌላ ነው። «እንዴት ነው፣ ይበርዳል?» ነው የምትለው። እኛም ከሞቀ ቤታችን ሆነን፣ የገዛ ሳሎናችንን ሙቀት አንብበን፣ «ደህና ነው፣ ተኚ» እንላታለን። ልጇ ሥራ አጥቶ ስንት ወር እንደሆነው ሳናውቅ «ይገኛል» እንላለን። የሞተባትን ሰው አርባ አውጥተን «አሁንስ ተጽናናች» ብለን እንጽፋለን። ከጎኑም ምክንያት እናሰፍራለን፤ ደመና ነው እንላለን።

እሷ ደግሞ ታምነናለች። ይህ ነው ከባዱ። እጇ እየደነዘዘ፣ የራሷን እጅ ትታ እኛን ታምናለች።

በልባችሁ ላይ «ውጭ» ብላችሁ የለጠፋችሁት ወረቀት አለ። በገዛ እጃችሁ ጽሑፍ ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ መለኪያው በእርግጥ ውጭ እንዳለ ወጥታችሁ እዩ። በፍርሃት ለሳምንት ብላችሁ ያስገባችሁት ካለ፣ አውጡት። ይሰረቅ ይሆናል። ይሰረቅ!

ጋሼ ዘርጋው በዚያ ቀን ከስንዱ ጋር ወደ ማሳው ወረደ። ከአሥራ ስድስቱ መደብ አሥራ አንዱ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስል ጠቁሮ ነበር። ለተረፉት አምስቱ ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ገለባውን የተሸከመው እሱ ነው፤ «ሸፍኚ» ወይም «ተኚ» ከማለቱ በፊትም ማሳው መካከል እጁን አውጥቶ ይቆማል።

ከማሳው ተመልሶ ግን፣ ያው ቀያሽ ነውና፣ ሜትሩን አወጣ። በበረንዳው ምስማርና በውጪው ምስማር መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ሁለት ሜትር ከአርባ ሳንቲሜትር ነበር።