ሁለተኛው ዓይን

በአንድ ወቅት፣ ሰው ቀና ብሎ ሊያያቸው የማይደፍር ደጃዝማች ገላው የሚባሉ ሹም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን አሠሩና ሥዕሉን ምህርካ የሚባል ሠዓሊ እንዲሥል አዘዙ። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ እሳቸውም ተንበርክከው መታየት አለባቸው። ባለፈው ዓመት ማኅተማቸውን ያበላሸው አንጥረኛ ዛሬ የሚጎርሰው በግራ እጁ ነው። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ምህርካም ያውቃል።

መቼም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው ልማዱን አይስተውም። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይን። ምህርካ ጌታን የሚገርፉትን ጭፍሮች ባንድ ባንድ ዓይን ሥሎ ጨርሶ ወደ ደጃዝማች ፊት በተሻገረበት ቀን፣ ዘጠኝ ጊዜ ከመወጣጫው አወረዱት። ቄሰ ገበዙ ስለ መልአኩ ሰይፍ ርዝመት ሊጠይቁት መጡ። ጎረቤቶቹ ገብስ ስለበላ በሬ እንዲያሸማግል ጠሩት። የደጃዝማች አሽከር ብቻውን አራት ጊዜ ተመላልሶ «ደረሰ ወይ?» አለው። በዘጠነኛው ጊዜ ወደ መወጣጫው የተመለሰው እጁ እንጂ ልቡ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ አብሮ አደጉ ደብተራ ዳምጤ ገባና ግድግዳውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምህርካ፣ ደጃዝማች ስንት ዓይን አላቸው?»

«ምን ማለትህ ነው? ሁለት ነዋ!»

«እንግዲያው ወረድ በልና ከዚህ ሆነህ እይ።»

ምህርካ ወርዶ አየ። ደጃዝማች ገላው በጎን፣ ባንድ ዓይን፣ ልክ እንደ ገራፊዎቹ ተሥለው አፍጥጠዋል። ቤተ ክርስቲያኑ የሚመረቅበት ቅዳሴ ቤት በሦስተኛው ቀን ነው። ቀለሙ ተፍቆ፣ ግድግዳው እንደገና ተለስኖ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይሄዳል፤ ለፊቱ የሚተርፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። እጁ ደግሞ ብሩሽ መያዝ እስኪያቅተው ይንቀጠቀጣል።

ይባስ ብሎ ደጃዝማች ያን ዕለት ሥዕላቸውን ሊያዩ በቅሎ አስጭነው ነበር። ዳምጤ ሮጦ ደረሰባቸውና መሬት ሳመ። «ጌታዬ፣ ሳያልቅ የታየ ሥዕል ይደበዝዛል» ብሎ ዋሸ። «ካላማረ የኔ እጅ ይቆረጥ።»

«መልካም፤ እጅህ እዚሁ ይቆይልኝ» አሉ ደጃዝማች። ቀኝ እጁን ከወታደር ጋር በሰንሰለት አቆራኙት። ዳምጤ ለምህርካ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «ለእጅህ አትፍራ። አሁን የተያዘው የኔ ነው።» እንዲህ ያለ መልእክት ፍርሃትን ያቀላል ወይስ እጥፍ ያደርጋል? እኔ እንጃ። ምህርካ ግን ማልቀሱን ትቶ የተበላሸውን መፋቅ ጀመረ።

ግድግዳው በደረቀ ማግሥት ጠዋት፣ ሥዕል ያስተማሩት የኔታ ወልደ ሐና በምርኩዝ መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ምህርካ ብሩሹን ሲያነሣና ሲጥል ሰሙት።

«ተወው፤ ፍጭ» አሉት። ድሮም መጀመሪያ ያስተማሩት ቀለም መፍጨት ነበር። ምህርካ ቀዩን አፈር ድንጋዩ ላይ መፍጨት ጀመረ። ድንጋዩ ይጮኻል፣ ይደነቃቀፋል።

«ሰንሰለቱን እያሰብክ ነው» ይሉታል፣ ድምፁን ብቻ ሰምተው። «አሁን ደግሞ አንጥረኛውን። ፍጭ!»

ፀሐይ ከፍ ስትል የድንጋዩ ድምፅ እኩል ሆነ። «አሁን ውጣ» አሉት። ወጣ፤ አንዱን ዓይን ሣለ። ሁለተኛውን ሊጀምር ሲል ከበሩ የሰው ድምፅ ሰማና እጁ ቆመ።

«ማን ነው?»

«ማንም ይሁን። ውረድና ፍጭ።» ሽማግሌው ጆሯቸው ስል ነው፤ በሩ ላይ የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል። ምህርካ ግን ምንም ሳያውቅ ወርዶ ፈጨ፤ ልቡ ሲመለስለትም እንደገና ወጣ።

በሩ ላይ ዱላ ይዛ የተቀመጠችው ሚስቱ ትርንጎ ነበረች። ቄሰ ገበዙን መልሳለች፤ የበሬውን ባለቤት አባርራለች። ቀጥሎ የመጣው ሰው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ከምህርካ እናት መንደር እየሮጠ የደረሰ ነው።

«እናቱ ጣር ላይ ናቸው። ልጄን አምጡልኝ እያሉ ነው።»

ትርንጎ ዘወር ብላ ወደ መወጣጫው አየች። ብትነግረው ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ በማግሥቱ የዳምጤ እጅ ይቆረጣል፤ የሱም አይተርፍም።

«ሥራው ሲያልቅ ይመጣል በላቸው።»

«እሳቸው አይጠብቁም፣ እሜቴ።»

«አውቃለሁ» አለች። እናቱ ጀንበር ሳትጠልቅ አረፉ። ሁለተኛው ዓይንም ያለቀው በዚያው ሰዓት ነበር።

ሌሊት መርዶ የደረሳት ትርንጎ በቅዳሴ ቤቱ ዕለት ጎህ ሲቀድ ዘመድ ሰብስባ ባሏን አረዳችው። ምህርካ ቀብሩ ላይ እንደማይደርስ ስላወቀ ፊቱን አዙሮባት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ። ሥዕሉን የሸፈነው መጋረጃ ሲገለጥ፣ በመንደራቸው እናቱን እየቀበሯቸው ነበር።

ደጃዝማች ሥዕሉን አዩ። ዳምጤ የታሰረ እጁን ጨበጠ።

«እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። የዳምጤን ሰንሰለት አስፈቱ። «እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ረዳት አይሆንም። ከእግሬ ሥር የአንድ ረዳትህን ስም ጻፍ፤ ቤተ ክርስቲያኑ እስካለ ድረስ በጸሎት ይነሣ። አንድ ብቻ።»

«እጄን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አለ ዳምጤ፣ የሰንሰለቱን ሰንበር እያሳየ።

«አንገትህንም ብትሰጥ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይሥልም» አሉ የኔታ። «ልቡን የመለስኩለት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ቀና አላለችም። «በሩን የዘጋሁባቸው እናቱ ናቸው። ለኔ የሚገባ ቦታ ካለ የሳቸው ስም ይጻፍበት።»

ምህርካ ብሩሹን ነክሮ ጎንበስ አለ። ደጃዝማች ቆመው ይጠብቃሉ።

እኔ ይህን ብቻ ነው የሰማሁት፤ የቀረውን እናንተ ተከራከሩበት። አንድ ስም ብቻ በምትይዘው በዚያች ቦታ የማን ስም ይጻፍ?