ከቤት ቤት የተወጠረው ሽቦ

ከደንጎር ተራራ ግርጌ ሽቦ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። ቤቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ጣሪያቸውም ግድግዳቸውም ቆርቆሮ ነው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቀጭን ሽቦ ተወጥሮ ይታያል። እንግዳ ሰው የልብስ ማስጫ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ልብስ አይሰጣበትም፣ መብራትም አይሄድበትም። ሽቦው በግድግዳው ቀዳዳ ይገባና ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ከመኝታው ፊት ለፊት ይንጠለጠላል። መጀመሪያ የወጠረችው ትርንጎ የምትባል ሴት ናት ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ሰዎቹ የሚኖሩት ከተራራው ወገብ ላይ ነበር። በአንድ ክፉ ክረምት ማብቂያ ላይ ተራራው ተናደና መንደሩን ዋጠው። የትርንጎ ባል ከነበሬዎቹ አፈር ውስጥ ቀረ። እሷ የተረፈችው ታናሽ እህቷን ዘርትሁንን ልትጠይቅ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዳ ስለነበር ነው። የዘርትሁንም ቤት ብዙ ሳይቆይ ተሰነጠቀና ሁለቱ ከሌሎቹ ጋር ወደ ሜዳው ወረዱ። «መሬት እስኪሰጣችሁ ለጊዜው እዚህ ተጠለሉ» ተባሉ።

በሜዳው ላይ ለክዳን የሚሆን ሣር አልነበረም፤ ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ያገለገለ ቆርቆሮ እየፈለገ፣ በርሜል እየቀደደና እየጠፈጠፈ የየራሱን ቤት መሥራት ያዘ። የዘርትሁን ባል ለቀን ሥራ ቆላ ወርዶ ስለነበር ትርንጎ የሁለቱንም ቤት ጉድጓድ ራሷ ቆፈረች፣ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹንም ራሷ ተከለች። መዶሻ ይዛ አታውቅም ነበር። በአቅራቢያዋ ቤቱን የሚሠራው ሽማግሌው ጋሽ ሰይድ አይቷት ሳቀ።

«ትርንጎ፣ ሚስማሩን ነው ጣትሽን ነው የምትመቺው?»

«ጣቴ የራሴ ነው፣ ጋሽ ሰይድ። የእርስዎ ቤት ግን ከወዲሁ ሊሰግድ ያጎነበሰ ይመስለኛል።»

«ቤቴ ከኔ ይሻላል፤ ሶላት አያልፈውም!»

መሬቱ የሚታደለው በቤት ቁጥር ነው የሚል ወሬ ያን ሰሞን ተነዛ። ስለዚህ አባትና ልጅ ሳይቀሩ ቤታቸውን ለየብቻ ማቆም ጀመሩ። ዘርትሁን ነፍሰ ጡር ነበረችና ይህ ነገር አልዋጥልሽ አላት።

«እታለም፣ አንድ ላይ እንሁን። ብቻዬን እፈራለሁ።»

«አንድ ቤት ካዩ አንድ ቦታ ነው የሚሰጡን። ልጅሽ ነገ የት ሊወድቅ ነው?»

«ግድግዳውን እንኳ እናጋጥመዋ።»

«ከተጋጠመማ አንድ ቤት ነው ይሉናል። እዚሁ አይደለሁ እንዴ? ከጠራሽኝ እሰማሻለሁ።»

እውነትም ትሰማት ነበር። በበጋው ዘርትሁን ስታስል፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ለራሷ ስታንጎራጉር ሁሉ ይሰማል። ሁለቱም በሣር ክዳን ሥር ያደጉ ስለሆኑ ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን አያውቁም ነበር። ቤቶቹ ከቆሙ ጀምሮ አንድም ቀን አልዘነበም።

የበልጉ ዝናብ የመጣው በመጋቢት ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው ይባላል። ትርንጎ እህቷ ዘንድ ነበረች። ዘርትሁን ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች።

«ከትናንት ጀምሮ ይዞኛል» አለቻት።

«የተሸከምሽው ውሃ ነው። ጊዜሽ ገና ነው፤ ጋደም በይ» አለችና ሰማዩ ሲጠቁር አይታ የራሷን ጣሪያ ድንጋይ ልትጭንበት ወጣች።

ከዝናቡ በፊት በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ። ትርንጎ በሩን ዘግታ፣ ጣሪያው እንዳይነቀል ማገሩን በሁለት እጇ አንቃ ቆመች። የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችም። እህቷን ሳታስባት አልቀረችም፤ «ብትፈልገኝ ትጠራኛለች» ብላ ግን ልቧን አሳረፈች።

በረዶው ሲያባራ ጸጥ አለ። በነጩ በረዶ ላይ እየተንሸራተተች ሄደች፤ እንዴት እንደፈሩ አብረው ሊስቁ ነበር። በሩን ስትገፋው ዘርትሁን መሬት ላይ ነበረች፤ ሕፃኑም በሥሯ። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። በእጇ ጉልቻ ይዛ ነበር። በትርንጎ ቤት በኩል ያለው ግድግዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ተቀጥቅጦ፣ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ጎርብጦ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ቤት ቆጣሪዎች መጡ። በባዶው ቤት በር ላይ ቆመው «ይህስ የማን ነው?» አሏት።

«የእህቴ ነው።»

«እሷስ የት ሄደች?»

«ጠርታኝ ነበር» አለች ትርንጎ። «አልሰማኋትም።»

ሰዎቹ ያንን ቤት ሳይቆጥሩት አለፉ። የቆጠሩትም ቢሆን ምንም አላመጣም፤ መሬቱ ሳይሰጥ ቀረ፣ ለጊዜው የተባለውም ቤት መኖሪያ ሆኖ ቀረ።

ትርንጎ የእህቷን ቤት አፈረሰች፤ ከቋሚዎቹ አንዱን ብቻ ሳትነቅለው ተወችው። ከዚያ እንጨቶቹ የታሰሩበትን ሽቦ ፈትታ ቀጣጠለች፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችና ወደ ጋሽ ሰይድ ቤት ጎተተችው።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ?» አላት።

«ሲዘንብ እስበዋለሁ። ጆሮ አይሠራም፤ ጨርቁ ሲዘል ያዩታል። መልሰው ይሳቡት። ካልሳቡት እመጣለሁ።»

ጋሽ ሰይድ ያን ቀን አልቀለደም። ሽቦውን ተቀብሎ በግድግዳው አስገባው፤ በማግስቱም እሱ ራሱ ወደሚቀጥለው ቤት ሌላ ሽቦ ወጠረ።

ዛሬም በሽቦ ሜዳ ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ሽቦውን ይስባል፤ ከወዲያ ካልተመለሰለት ያለ ጃንጥላ ሮጦ ይወጣል። በትርንጎ ቤት አሁን ሌሎች ሰዎች ይኖራሉ። ከእነሱ ቤት የሚወጣ አንድ ሽቦ ብቻውን ወደቆመው የዘርትሁን ቤት ቋሚ ሄዶ ታስሯል። እሱንም ይስቡታል ይባላል፤ ጥቂት ይጠብቁና ይለቁታል።