የምርጊት መስኮት

በምርጊት መንደር እያንዳንዱ ቤት ከበሩ ጎን እጅ ብቻ የምታሳልፍ ጠባብ መስኮት አለችው። ለብርሃን እንዳትባል ጠብባለች፤ ጢስም አታስወጣም። ባሏ የሞተባት ሴት ለቅሶው ካበቃ በኋላ በሯን ብትዘጋ የሚያንኳኳባት የለም፤ ጎረቤት በየተራ በዚያች መስኮት ምግብ አቀብሏት ዝም ብሎ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ የነገሩን መነሻ ሲጠየቁ ከመንደሩ በታች ወንዙ ዳር የቆመውን ሾላ ያሳያሉ።

እንደሚነገረው፣ ያኔ ስፍራው ነጋዴዎች ወንዝ ሲሞላባቸው ጭነት አራግፈው የሚጠብቁበት ባዶ ሜዳ ነበር። ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ባሏን ከቀበረች ወዲህ እህል አልቀምስ፣ አልናገር ስላለች፣ ወንድሟ ቸኮል አገር ብታይ ሐዘኑ ይለቃት ይሆናል ብሎ በበቅሎ አስቀምጧት ከነጋዴዎች ጋር ይጓዝ ነበር ይባላል። እየመነመነች ስለሄደችም መንገድ ላይ እንዳትሞትበት ይሰጋ ነበር።

ሾላው ሥር ሲሰፍሩ፣ ማንጠግቦሽ ግንዱ ላይ ያለ ቀዳዳ በጭቃ ተመርጎ ስንጥቅ ብቻ እንደቀረው አየች። ትልቅ ምንቃር ያለው ጥቁር ወፍ እየተመላለሰ ከጉሮሮው የሾላ ፍሬ አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቁ ያቀብላል፤ ከውስጥም የሌላ ወፍ ምንቃር ብቅ ብሎ ይቀበለዋል። ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።

«ሚስቱን ቆልፎባት ገበያ የሚውል ባል እኮ ነው» አለ ጌጡ የተባለው አጋሰስ ነጂ፤ «የእኔይቱ ብታይ ነገ ለእኔ ነው ጭቃ የምታቦካው።»

ቸኮል አልሳቀም። እህቱ ለታሰረችው ያዘነች መሰለው፤ ዛፉ ላይ ወጥቶ ምርጉን በዱላው አፈረሰው። ወፏ ግን መብረሯ ቀርቶ ወደ ውስጥ ሸሸች። ላባዋ ረግፏል፤ ከሥሯ ዓይኑን ያልገለጠ ጫጩት አፉን ይከፍታል። ጥቂት ቆይቶ ባልየው ከወንዙ ዳር ጭቃ ይዞ መጣ፤ እሷም እየተቀበለች በምንቃሯ ጎን መልሳ ትመርገው ጀመር።

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ተዋት ወንድምዬ። ላባዋ ሲበቅል ራሷ ታፈርሰዋለች።»

«እሷማ የሚያጎርሳት አላት» አለ ቸኮል፤ «አንቺስ?»

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ?»

ወንዙ ሲጎድል ነጋዴዎቹ ተሻገሩ፤ ቸኮል ግን ከእህቱ ጋር ቀረ። ጎጆ ቀልሶ፣ ግድግዳውን መርጎ፣ እጁ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ አስቀረ፤ እሷም ገብታ በሯን ዘጋች። መንገደኞችም ያን እያዩ ስፍራውን ምርጊት አሉት ይባላል። መጀመሪያ ሰሞን ያቀበላት ቂጣ እንዳለ ይመለስለት ነበር፤ ልለምናት ይልና ወደ ዛፉ ቀና ብሎ ይተወዋል። እያደር ዳር ዳሩ ተቆርሶ፣ ኋላም ጣባው ባዶውን ይወጣ ጀመር።

በሯን የከፈተችው ወፏ በወጣች ቀን ነው የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ግን ወፎቹ ከሄዱ ብዙ ቆይቶ ነው ይላሉ። ቸኮል በቅሎውን ሊያጠጣ ሲወርድ ደጅ ቆማ አገኛት። ትናንት የተለያዩ ይመስል «እንዴት አደርሽ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ልጓሙን ተቀበለችው።

ዛሬም በምርጊት ሐዘንተኛ በሯን ስትከፍት፣ መጀመሪያ ያገኛት ሰው ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ቆየሽ አይላትም። እንዴት አደርሽ ይላትና የያዘውን ሥራ ጫፍ ያስይዛታል።