ለልምምድ የተጠየቀች መንደር

አንድ የውሃ ሠራተኛ ነበረ። ሥራው ምንጭ ማጎልበት ነው፤ ከዐለት ሥር የሚወጣውን ውሃ በድንጋይ ይከልላል፣ ከብት እንዳይረግጠው ያጥራል፣ በቧንቧ ያወርዳል። ልጄ፣ ትናንት መጥተህ «በአሥር ቀን ሥልጠና ሰው ምን ሊማር ይችላል? ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ በማላውቀው ነገር መፍረድ እፈራለሁ። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር እነግርሃለሁ፤ ፍርዱን አንተው ታወጣዋለህ።

ሰውየው በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ትምህርቱ ጥቂት ነው፤ እጁ ግን ያውቃል። መሬቱን አይቶ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይናገር ነበር። ከዕለታት በአንዱ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። በልማት ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሁሉ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ያምጣ፤ ያላመጣ ከቦታው ተነሥቶ ቆላ ወዳለው ጣቢያ ይዛወራል የሚል ነበር። የሰውየው ሚስት እግሮቿ ታመው ከአልጋ አትወርድም። የሚያነሣትም የሚያስቀምጣትም እሱ ነው። ወደ ቆላ ይዟት መሄድ አይችልም፤ ትቷት መሄድም አይሆንለትም። እንግዲህ ያ ወረቀት ለሌሎቹ ወረቀት ነው፤ ለሱ ግን ቤቱ ነበር።

ሥልጠናው በአንድ ትልቅ ከተማ ተከፈተ። የሚሰጠው በብዙ አገር የሚሠራ አንድ የልማት ድርጅት ነው። ሠልጣኞቹ ሠላሳ ነበሩ። ከየወረዳው የተላኩ አሉ፤ ከጎረቤት አገሮች የመጡም አሉ። በግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀት ይለጠፋል፣ በቀለም ይጻፍበታል፣ ሲሞላ ሌላ ይለጠፋል። ሰውየው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈራ፤ ከሁሉ ኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ገባው፣ ወደደውም። አሠልጣኙ ትጉህ ሰው ነበር። «ገበሬውን አትንገሩት፤ ጠይቁት። ችግሩን የሚያውቀው ባለችግሩ ነው» ይላቸው ነበር። ሰውየው ይህን ሲሰማ፣ የመንደሩን ሰው ሳይጠይቅ የሠራቸው ምንጮች ትዝ አሉት። አንዱን ሴቶቹ በማይደርሱበት ገደል አፍ ላይ አውርዶት እንደነበረ አስታወሰና በልቡ አፈረ። ይህን እንዳታልፈው፣ ልጄ። ትምህርቱ መልካም ነበር።

በስምንተኛው ቀን የመስክ ልምምድ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት አሠልጣኙ፣ «ምንም ዓይነት ቃል አትግቡ። የማትፈጽሙትን ተስፋ ለሰው አትስጡ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ሁሉም በደብተራቸው ጻፉት። ከዚያ በሁለት መኪና ተጭነው ወደ አንዲት መንደር ወረዱ። መንደሯ የተመረጠችው ለአስፋልቱ ስለምትቀርብና ለምሳ ወደ ከተማ ለመመለስ ስለምትመች ነው።

የመንደሩ ሰዎች በአንድ ብሳና ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠበቋቸው። የዕለቱ ሥራ መንደርተኛው የመንደሩን ካርታ መሬት ላይ እንዲሥል ማድረግ፣ ቀጥሎም ችግሮቹን በባቄላ እንዲመርጥ ማድረግ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ፍሬ ይሰጠዋል፤ እሱም በባሰበት ችግር ላይ ያስቀምጣል። ከሠልጣኞቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እንግዲህ ይህን መሬት እንደ ወረቀት አድርገን...» ብሎ ሲጀምር፣ አንዲት አሮጊት አቋረጡት።

«እናውቀዋለን፣ ልጄ። መንገዱ በአመድ፣ ቤቱ በጠጠር፣ ውሃው በቅጠል። አንተ ይልቅ ጥላው ውስጥ ግባ፤ ፀሐይዋ አናትህን ትበሳዋለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሠልጣኞቹ እስክሪብቷቸውን ፈልገው ሳያገኙ ካርታው አለቀ። ሠልጣኙ ባቄላውን ከቦርሳው ሊያወጣ ሲጎነበስም አሮጊቷ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈቱ። ባቄላው አምስት አምስት ሆኖ ተለይቶ በጨርቅ ታስሯል።

«የናንተው ነው» አሉ። «ያለፉት ጥለውት የሄዱት። ዘር እንዳናደርገው ነቅዟል፤ ንፍሮ እንዳናደርገው አንሷል። ለናንተ ብዬ አስቀመጥሁት።»

አሠልጣኙ በጣም ደስ አለው። ወደ ሠልጣኞቹ ዞሮ፣ «አያችሁ፣ ተሳታፊ ማኅበረሰብ ማለት ይህ ነው» አለ። የውሃ ሠራተኛው ግን ደስ አላለውም። ቀስ ብሎ ወደ አሮጊቷ ተጠጋ።

«እማማ፣ እኛ ስንተኛ ነን?»

«ሰባተኛ» አሉት። «አንዴ ዝናብ ያባረራችሁን ከቆጠርን ደግሞ ስምንተኛ።»

ባቄላው ሁሉ ተለቅሞ በአንድ ቦታ ተከመረ። የተከመረው በቅጠሉ ላይ፣ በውሃው ላይ ነው።

ሰውየው ምንጩን ማየት እፈልጋለሁ አለ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው መሩት። ምንጩ ከመንደሩ በታች፣ በቁልቁለቱ ሥር ነው። ከብት ረግጦት ዙሪያው ጭቃ ሆኗል። ሁለት ሴቶች የላዩን ውሃ በእጃቸው ገፋ እያደረጉ በጣሳ ይቀዳሉ። ሰውየው ይህን ዓይነት ምንጭ ብዙ አይቷል፤ አልገረመውም። የገረመው ከምንጩ ጎን ያለው ነገር ነው። እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር ነበር። ድንጋዩ የተመረጠ ነው፤ ጥርቡ ለብቻ፣ ለመሙያ የሚሆነው ደቃቁ ለብቻ ተለይቷል። ሳማ ወርሶታል፣ በስንጥቁም ሣር በቅሎበታል። ሰውየው በዐይኑ ለካው፤ ምንጩን ከልሎ የሚተርፍ ነው።

«አባቴ፣ ይህ የማን ድንጋይ ነው?»

«የኛ ነዋ። ከወንዙ በደቦ፣ በሸክም ያወጣነው። ምንጩን ልንከልልበት ነበር። አራት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ማን ከለከላችሁ?»

ሽማግሌው ቂል እንደሚያዩ አዩት። «እናንተ መጣችኋ! ችግራችሁ ምንድን ነው አላችሁን። ውሃ ነው አልን። ጻፋችሁ። የተማረ ሰው ከያዘው፣ እኛ ባልሠለጠነ እጃችን ለምን እናበላሻለን ብለን ተውነው። በስድስተኛው ወር ደግሞ መጣችሁ፤ ጠየቃችሁ፤ ጻፋችሁ። ለካ አልረሱንም፣ ነገሩ እየሄደ ነው አልን። ሰው ሥራውን ለባለሙያ ከሰጠ በኋላ መልሶ አይነጥቅም። ነውር ነው።»

«ቃል የገባላችሁ ሰው ነበረ?»

«ቃልማ ማንም አልገባም፤ አልዋሽም» አሉ ሽማግሌው። «ግን አንተው ፍረደኝ። ሐኪም ቤትህ ድረስ መጥቶ፣ የት ላይ ነው የሚያምህ ብሎ፣ ሆድህን ዳብሶ፣ ጽፎ ቢሄድ ምን ትላለህ? መድኃኒቱን ሊያመጣ ሄደ ትላለህ እንጂ እጁን ሊያለማምድብኝ ነው ትላለህ?»

ሽማግሌው በከዘራቸው አንዱን ሳማ ነካ ነካ አደረጉና፣ «ባለፈው ክረምት ተቅማጥ ሦስት ሕፃን ወሰደብን» አሉ። «አንዷ የልጄ ልጅ ናት። በኅዳር እንደናንተው ለመጡት እንግዶች ነግረናቸዋል። እሱንም ጽፈውታል።»

ወደ ብሳናው ሲመለሱ የመዝጊያው ሰዓት ደርሶ ነበር። በሥርዓቱ መሠረት ከሠልጣኞቹ አንዱ ቆሞ መንደርተኛውን ያመሰግናል። ጓደኞቹ አንተ የገበሬ ቋንቋ ታውቃለህ ብለው የመረጡት የውሃ ሠራተኛውን ነው። የሚያነበውንም ጽፈው ሰጡት። «ችግራችሁን በራሳችሁ ለይታችኋል። ስላደረጋችሁት ተሳትፎ ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። በወረቀቱ ላይ ሐሰት የሚባል ቃል አልነበረበትም።

ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ወደ አሠልጣኙ ሄደ።

«ዛሬ የጻፍነውን ለማን ነው የምንሰጠው?»

«ለኔ ነው እንጂ፤ ማታ አርሜ ነገ እመልስላችኋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ...» አሠልጣኙ ሳቅ አለ። «ልምምድ ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

የቀረው ሁለት ቀን ነው። ወረቀቱን አንብቦ ቢቀመጥ የምስክር ወረቀቱ በእጁ ነው፤ ሚስቱንም ጠዋት ጠዋት እያነሣ ፀሐይ ላይ ያስቀምጣታል። ሰውየው ይህን ሁሉ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተና እንዲህ አለ፦

«ወገኖቼ፣ እኛ ተማሪዎች ነን። የመጣነው መጠየቅ ልንለማመድ ነው። የጻፍነው ነገ ታርሞ ለኛው ይመለስልናል። ከኛ በፊት የመጡትም እንደኛው ናቸው። ምንጩን ሊሠራ የሚመጣ ሰው የለም። አትጠብቁ።»

ከኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ ነው መጀመሪያ የተናገረው። «እና የሞቱት ልጆቻችንም መለማመጃ ናቸው? በሉ ውጡልን! ተነሡ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተነሡ። አሮጊቷ ብቻ ከተቀመጡበት ሳይንቀሳቀሱ ሰውየውን አዩት።

«ምነው መጀመሪያውኑ ብትነግሩን?» አሉት። «ተማሪ ናችሁ ብለን፣ የምናውቀውን አስተምረን፣ መርቀን እንሸኛችሁ ነበር። ተማሪን ማን ይጠላል? እኛም ድንጋያችንን ይዘን ሥራችንን እንሠራ ነበር።»

አሠልጣኙ ፊቱ ገርጥቶ ሁሉንም ወደ መኪና አዘዘ። በሰውየው አጠገብ ሲያልፍ፣ «አምስት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ በአንድ አፍታ አፈረስኸው» አለው። ሰውየውም ሊከተል ሲል ሽማግሌው በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት።

«አንተ ራስህ ምን ታውቃለህ?»

«ምንጭ መከለል አውቃለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሳትናገር አትሄድም።»

መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ ሰውየው ቆሞ ነገራቸው። «ድንጋይ ከመደርደራችሁ በፊት ጭቃውን ጠርጋችሁ፣ ውሃው ከዐለቱ እስከሚወጣበት ድረስ ቆፍሩ። ከግድግዳው ጀርባ ሸክላ አፈር ጠቅጥቁ። ውሃውን የምታወርዱበትን ቧንቧ አፍ ከምንጩ ዓይን ዝቅ አድርጉት፤ ከፍ ካለ ውሃው ይሸሽና በሌላ በኩል ይወጣል። ከላይ በኩል ለጎርፉ ማስቀየሻ ቦይ አውጡ።»

«ሲሚንቶ የለንም» አለ ያ የጮኸው ጎልማሳ፣ ገና በቁጣ እንዳለ።

«በሸክላው ጀምሩ። ካፈሰሰ አፍርሳችሁ ሥሩት። አፍርሶ መሥራት አያሳፍርም።»

ከዚያ ሮጦ ተሳፈረ። ኩርባውን ሲዞሩ ምንጩ ከታች ይታያል። ሴቶቹ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሳማውን ይነቅሉ ነበር። በደስታ አልነበረም፤ እየተሳደቡ ነበር። ስድቡ እስከ መኪናው ድረስ ይሰማል።

የምስክር ወረቀቱን አልሰጡትም። እንደ ትእዛዙም ወደ ቆላ ተዛወረ። ሚስቱን በእህቷ ቤት አስጠግቶ በወር አንድ ጊዜ እየመጣ ያያት ነበር። አንድ ቀን፣ «አንብበህ ብትቀመጥ ምን ነበረበት?» አለችው። «ድንጋዩን ባላየሁ ኖሮ አነብብ ነበር» አላት። የመንደሩ ሰዎችም ምንጩን ከለሉ። የመጀመሪያው ግድግዳ በክረምቱ ፈረሰ፤ በጥቅምት ደግመው ሠሩት።

እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ መንደር ማለት ችግርህ ምንድን ነው ብለህ የምትጠይቀው ሰው ሁሉ ነው። ሳማ የወረሰው ድንጋይ ያ ሰው አንተ ከመምጣትህ በፊት በገዛ እጁ ሊሠራው ያሰበው ነገር ነው። ጥያቄህም ቃል ባትገባበት እንኳ እሱ ዘንድ እንደ ቃል ይቀመጣል። በአሥር ቀን ምን ይማራል ላልኸኝ፣ ብዙ ይማራል፤ ሂድ፣ አልከለክልህም። ነገር ግን ሥልጠናው አጭር ነው፤ የተጠየቀ ሰው የሚጠብቀው ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ አፍህን ስትከፍት፣ ከጥያቄህ በፊት ለምን እንደምትጠይቅ ተናገር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እንዳላስቀይምህ ፈርቼ ነው ያቆየሁት። ለሥልጠናው መግቢያ የሰጡህን ቅጽ ይዘህ ባለፈው ሰኞ በሰፈራችን ስትዞር አይቼሃለሁ። እትዬ ደብሪቱ በር ላይ ቆመህ ጣራቸውን ቀና ብለህ አይተህ፣ ስንት ቦታ እንደሚያፈስ ጠይቀሃቸዋል፤ ጽፈሃልም። ልጃቸው ቅዳሜ መጥቶ ቆርቆሮውን ሊቀይርላቸው ነበር። «ተመዝግቤያለሁ፣ ይቆይ» ብለው መለሱት። ሐምሌ ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶታል። መኪናህ ነገ ጠዋት ነው ብለሃል። ዛሬውኑ ሂድና እውነቱን ንገራቸው።