የጦጣዋ ጓሮ

ተረት አለኝ፤ በረቱን ክፈቱልኝ።

አንዲት ጦጣ ከቆላ ወደ ደጋ ተዳረችና የሙዝ ችግኝ ይዛ ሄደች። ጓሮዋ ብትተክለው ውርጩ አቃጠለው። ደግማ ብትተክልም ያው ሆነ። ሆድ ብሷት ስታለቅስ ጎረቤቷ ጃርት ሰማቻት።

«ሙሽሪት፣ ለዚህ ብርድ ድንች ነው የሚሆነው።»

«ድንች ቀምሼ አላውቅማ።»

«ካልጣመሽ እኔ እበላልሻለሁ።»

ጦጣም እስቲ ልየው ብላ ድንች ተከለች። ክረምቱ ሲወጣ ብትቆፍር አፈሩ ሥር ድንች በድንች ሆኖ አገኘችው፤ ቀቅላ ብትቀምሰው ለጃርቷም የሚተርፍ አልመሰላት።

ያን ሰሞን ታናሽ እኅቷ ከቆላ ልትጠይቃት መጣች። ከድንቹ በልታ በልታ ስትነሣ ጥቂት ጥሬውን በብብቷ ሸጎጠች።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቆላ ወስጄ ልተክለው።»

ጦጣ ሣቅ አፈናት። «ተዪው እኅቴ፤ ሲያምርሽ ሙዝ ይዘሽ ብቅ በይ።»

ተረቴ ይኸው፤ ዳቦዬን አምጡ።